የጀፎረው ጨው

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ እምድብርን ያገኛል። ከእምድብር ዝቅ ብሎ፣ እዚያው በጉራጌ ቸሃ ውስጥ፣ ድሮ አንድ የእንስሳት መንደር ነበር። መንደሩ እንደ ጎረቤቶቹ የሰው መንደሮች በጀፎረ ግራና ቀኝ የተሠራ ነው። ጀፎረው ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተሰልፈዋል፤ ከየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ቆሟል። በጀፎረው ላይ ከብት ይግጣል፣ ሙሽራ ይታጀባል፣ ሬሳ ይሸኛል፣ ደመራ ይለኮሳል፣ ሽማግሌ ለዳኝነት ይቀመጣል። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ያስገባ ሰው በአገሩ ሥርዓት ይጠየቃል፤ በእንስሳቱም መንደር እንዲሁ ነበር።

ጀፎረው የተዘረጋው ተዳፋት ላይ ነው። በሐምሌ ከላይ ከጉብታው የሚወርደው ውሃ ሣሩን ገሽልጦ እንዳይወስደው በአናቱ በኩል አግድም ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦዩ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ወንዙ ያዞራል። በበጋ ግን በደለል ይሞላል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ መንደሩ አንድ ቀን ወጥቶ ይጠርገዋል።

በሬ ደለሉን በቀንዱ ይገለብጣል። አህያ ድንጋይ ታመላልሳለች። ፍየል በቦዩ ዳር የበቀለውን ቁጥቋጦ እየበላች ትመነጥራለች፤ ሥራ ይሁን ምሳ እስካሁን አልተለየም። ዶሮ ከነጫጩቶቿ አፈር ትጭራለች። ውሻ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ግን ይጮኻል፣ ያለ እሱ ጩኸት ደግሞ ሥራው አይሞቅም። ኤሊ ስትደርስ ሥራው ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ቢሆንም ትደርሳለች።

በዚያ ዘመን የወጣውን የሚቆጥር አልነበረም። የቀረው ግን ይታወቃል። ማታ እግራቸውን ታጥበው ሲቀመጡ አንዱ፣ «በግ ዛሬ አልታየችም፤ ምን ሆና ይሆን?» ይላል። ወዲያው ሁለት ሦስት ጎረቤት ተነሥቶ ደጇ ይሄዳል። ታማ ከሆነ ያስታምሟታል። ወልዳ ከሆነ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። ዝም ብላ ተኝታ ከሆነ ደግሞ ቡና አፍልታ፣ የሌለ ሕመም አውርታ፣ እያፈረች ትሸኛቸዋለች። በዓመቱ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት።

አንድ ሰኔ ቁራ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቆጠረ። በመንደሩ 60 ቤት አለ፤ ለሥራ የወጣው 52 ነው። ማታ ሸንጎ ሲቀመጥ ተነሥቶ ተናገረ።

«ከ60 ቤት 8ቱ ቀርቷል። 8 ቤት ሣሩን ይግጣል፣ ቦዩን አይጠርግም። ዛሬ ዝም ካልን ከርሞ 16 ይሆናል፣ በሦስተኛው ዓመት 32።»

መንደሩ ደነገጠ። ከዚያ በፊትም በየዓመቱ ሰባት ስምንት ቤት ይቀር ነበር፤ የሚቀረውም አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ነበር። ይህን የሚያውቅ ግን የለም፤ ቆጥሮ ያየ አልነበረምና። ስለዚህ 8 የሚባለው ቁጥር ትናንት የገባ በሽታ መሰላቸው።

«ምን ይሻላል?» አለ ዳኛው፣ አያ በሬ።

«የቀረ ሩብ አሞሌ ጨው ይቀጣ» አለ ቁራ። «ጨውን የሚጠላ ከብት የለም። እንዳያጣው ብሎ ይወጣል።»

ሁሉም ተስማማ። ጸሐፊነቱም ገንዘብ ያዥነቱም ለቁራ ተሰጠ። በመጨረሻ ኤሊ አንገቷን አወጣች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ጨውን የከፈለውን፣ ማታ ደጁ እንሄዳለን ወይ?»

«ከከፈለ ምን ብለን እንጠይቀዋለን፣ እማማ ኤሊ?» አለ ቁራ። ሸንጎው ሳቀ፤ ተበተነም።

እትዬ በቅሎ ነጋዴ ናት። ወልቂጤ ገበያ ትወርዳለች፣ አንዳንዴም መርካቶ ድረስ ትዘልቃለች። ቀድሞ የቦዩ ቀን ከገበያ ጋር ሲጋጭባት እያጉረመረመች ገበያውን ትተዋለች፤ ማታ ደጇ የሚመጡትን ጎረቤቶች በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? በቀጣዩ ዓመት ግን ከሥራው ቀን በፊት ጨውን ይዛ ቁራ ዘንድ ሄደች።

«ነገ ገበያ ነኝ፤ ይኸው መቀጫዬ» አለችው።

ቁራ ተቀበለ፤ መዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ ጻፈ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን!» አላት።

በቅሎ ከዚያ ስትወጣ ልቧ ቀለላት። መቅረት ይህን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። የተተመነ ነገር ነበር፣ ተመኑን ከፈለች፣ አመሰገኗት።

በዚያ ዓመት የወጣው 45 ቤት ነው። ቁራ ቅጣቱ አንሶ ነው ብሎ ወደ ግማሽ አሞሌ አሳደገው። በዓመቱ 36 ወጣ። ወደ ሙሉ አሞሌ ወጣ፤ የወጣው 27 ሆነ። ዝቅ ያለውን ቁጥር ትቶ ከፍ ያለውን ለሚያይ ግን ደስ የሚል ዘመን ነበር። በጀፎረው ታችኛ ጫፍ ላይ ለጨው ተብሎ የሣር ክዳን ቤት ተሠራ፤ አሞሌው እስከ ማገሩ ተደርድሮ ሞላ። ቁራ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን ቤት ነበር።

ሌላም ነገር ተለወጠ፤ እሱን ግን መዝገብ አይዘውም። አሞሌ ያለው እየከፈለ ሲቀር፣ ቦዩ ላይ የሚታየው ጨው የሌለው ብቻ ሆነ። አንድ ሰኔ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ስትጭር ፍየል ከአጥሯ በላይ አንገቷን አሠገገች።

«ምነው እናት ዶሮ፣ ዘንድሮ ጨው ቸገረሽ እንዴ?»

ፍየል ከልቧ አዝና ነው የጠየቀችው። ዶሮ መልስ አልሰጠችም። በዓመቱ ግን ከበግ አሞሌ ተበድራ ከፈለችና ቤቷ ተቀመጠች። ቀድሞ የሚያፍረው የቀረ ነበር፤ አሁን የወጣ ማፈር ጀመረ። ሐፍረት አንዴ ከደጅ ወደ ደጅ ከዞረ በአዋጅ አይመለስም።

የወጡት 14 ቤት ብቻ በሆኑበት ዓመት ሸንጎው ሌላ ብልሃት መከረ። «ጨው ሞልቶናል፤ ለምን አንቀጥርም?» አለ ቁራ። ፍልፈል ተጠራ።

«መቆፈር እንኳ ሥራዬ ነው» አለ ፍልፈል።

ውሉ አጭር ነበር። ባወጣው የአፈር ክምር ልክ አሞሌ ይቆጠርለታል። ስንት ክምር እንደሚያወጣ እንጂ ከየት እንደሚያወጣ አይልም። ፍልፈል ደግሞ የእንሰት ሥር እንደሚወድ አገር ያውቃል። የቦዩ ደለል ድንጋይ የበዛበት ነው፤ የጀፎረው አፈር ግን ለስላሳ ነው፣ ከጀፎረው ማዶ ደግሞ የየቤቱ እንሰት አለ። ፍልፈል ከቦዩ ጀመረና ወደ ታች ወረደ። በየጠዋቱ አዲስ ክምር ይታያል፤ ቁራ ከዛፉ ላይ ቆጥሮ ይከፍላል። ሣሩ ላይ አንዳንዱ ቦታ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ያንን የሰማችው አህያ ብቻ ናት፤ የምትናገርበት ሸንጎ ግን እንደ ቀድሞው አይሞላም ነበር።

መስቀል ደረሰ። በመስቀል ጊዜ ጉራጌ ከመርካቶውም ከየክፍለ ሀገሩም ወደ አገሩ ይገባል፤ ያኔ ከሩቅ የምትመጣ አንዲት እንግዳም አለች። ሽመላ አውሮፓ ከርማ፣ በቱርክና በእስራኤል ሰማይ አልፋ፣ ሲናን ተሻግራና ዓባይን ተከትላ ወደ እኛ የምትወርድ ወፍ ናት። ጀፎረው ላይ አንበጣ ስትለቅም ቁራ የጨውን ቤት ሊያሳያት ወሰዳት። ታሪኩን ሰምታ ሳቀች።

«ይህን እኮ ሀይፋ ላይ ሠርተውታል» አለች። «ሀይፋ በእስራኤል የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በላይዋ እናልፋለን። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የሚባሉ ሁለት ምሁራን 10 የሕፃናት መዋያዎችን መረጡ። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ማታ ይዘገያሉ፤ ሞግዚቶቹ ይጠብቃሉ። በ6ቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ 10 ሸቀል ይቀጣ ተባለ። የሚዘገየው ወላጅ ቀነሰ ብለህ ትገምት ይሆናል። እጥፍ ገደማ ሆነ! ቀድሞ ‹ሞግዚቷን አስመሸኋት› ብሎ ይሮጥ የነበረው ወላጅ፣ አሁን የማምሻውን ሒሳብ የከፈለ መሰለው። ጥናታቸውን በፈረንጆች 2000 ሲያሳትሙት ርእሱን ‹ቅጣት ዋጋ ነው› አሉት።»

«ታዲያ ቅጣቱን አነሡት?» አለ ቁራ፣ ላባው ቆሞ።

«አነሡት። የዘገየው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።»

ቁራ የመጀመሪያውን ሰማ፤ የመጨረሻውን አልሰማም፣ ወይም መስማት አልፈለገም። በማግሥቱ ሸንጎ ጠርቶ፣ «ቅጣቱ ይነሣ» አለ። ተነሣ። መንደሩ አሁን ሁሉም እንደ ድሮው ይወጣል ብሎ ጠበቀ። ሰኔ ሲመጣ የወጡት 9 ናቸው። ቀድሞ መቅረት በአንድ አሞሌ ይገዛ ነበር፤ አሁን በነፃ ሆነ።

ያ ዓመት ሐምሌው ከባድ ነበር። አንድ ሌሊት ከጉብታው የወረደው ውሃ ደለል የሞላውን ቦይ ዘልሎ ጀፎረው ላይ ወጣ። ሣሩ ያዘገየው ነበር፤ ውሃው ግን ከሣሩ ሥር የፍልፈልን ጉድጓዶች አገኘ። በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ቀጥሎ በላያቸው ያለው መሬት ተናደ። ሲነጋ በጀፎረው መሐል በሬ ቢቆምበት ቀንዱ የማይታይ ቦረቦር ተከፍቷል። በቀኝ በኩል ያለ የሦስት ቤት እንሰት ከነሥሩ ሄዷል። እንሰት ደግሞ በዓመቱ የሚተኩት ሰብል አይደለም። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ ፍግ እየጠጣ፣ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። የጨው ቤቱም ቦታው ላይ የለም። ምሰሶው ወንዝ ዳር ተገኘ፤ አሞሌው ሟሙቶ ነበር። ከታች ያሉ የሌላ መንደር ከብቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከወንዙ አፍ አፋቸውን አላነሡም አሉ።

በዚያ ሌሊት ሁሉም ወጥቶ ነበር። በቅሎም ድንጋይ ተሸክማ አድራለች፣ ፍየልም። ቢሆንም በአደጋ ሌሊት መውጣት ቀላል ነው፤ ጎርፍ ራሱ ይጠራል። አስቸጋሪው ፀሐይ በወጣበት፣ ሰማዩ በጠራበት፣ ገበያው በሚጠራበት የሰኔ ጠዋት መውጣት ነው። ይህንን ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የተቀመጠው ሸንጎ ዝም ብሎ ቆየ።

ዝምታውን የሰበረችው በቅሎ ናት። ከመርካቶ ያመጣችውን አምስት አሞሌ መሐል ላይ አኖረች።

«ለቦረቦሩ መድፈኛ ይሁን» አለች።

ቁራ መዝገቡን ገልጦ ተቸገረ። «የየትኛው ዓመት ቅጣት ብዬ ልጻፈው?»

ያኔ ኤሊ ተናገረች። ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ የምታስታውሰውም ብዙ ነው።

«ቅጣት አትበለው። በ1950ዎቹ የሰዎቹ መንገድ ሲሠራ እኔ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። ይህ ከወልቂጤ በእምድብር ወደ ሆሳዕና የሚያልፈው መንገድ ያኔ በክረምት በቅሎ የሚያሰጥም ጭቃ ነበር፤ ይቅርታ እትዬ በቅሎ። አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ልጆች፣ ባለሱቁም ነጋዴውም ሹሙም፣ ተሰብስበው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ገንዘብ አዋጡ፤ መንግሥትም ጨመረበት። በቡታጅራ በኩል ለሚያልፈው ለዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድም በዚያው ዘመን ሕዝቡ እንዲሁ አዋጥቷል። አያችሁ፣ መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው እዚህ መጥቶ አካፋ ሊይዝ አይችልም። ብሩን ሲሰጥ ግን ‹ይኸው፣ እኔን ተዉኝ› ማለቱ አልነበረም፤ ‹እኔም አለሁበት› ማለቱ ነበር። በመስቀል ሲመጣ መንገዱ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይቆጣል። አገር ቤት ያለው በጉልበቱ መጣ፣ ከተማ ያለው በብሩ መጣ። የቀረ አልነበረም።»

ትንሽ አረፈችና ቀጠለች።

«እኛ ግን ጨዉን የተቀበልነው በር ለመዝጋት ነው። በቅሎ ስትከፍል ‹አመሰግናለሁ› ብለን ሸኘናት፤ ታማ እንደሆነ፣ ንግዷ ከስሮባት እንደሆነ፣ ተቀይማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አሞሌው እንድትቀር ብቻ ሳይሆን እንዳትጠየቅም ፈቀደላት። እኛንም ከመጠየቅ ገላገለን። እውነቱን እንናገር፤ ጨዉን የወደድነው ለዚህም ነበር።»

በሬ እንደ ዳኛ ፈረደ። በጨው መቅረት የለም። ጨው ያለው ያምጣ፣ ግን ከእግሩ ጋር ወይም በሩቅ ካለ ከቃሉ ጋር ያምጣ። የቀረ አይቀጣም፤ በዚያው ማታ ሦስት ጎረቤት ደጁ ይሄዳል። ሄዶም አይወቅሰውም፤ «ምን ሆንክ?» ብሎ ይቀመጣል እንጂ። ፍልፈልም ከመንደሩ አልተባረረም። ውሉን ያጠፋው እሱ አይደለም፤ ደለሉ ላይ ቆፍር ተብሎ ከመንደሩ ጋር ወጣ።

በመጀመሪያው ሰኔ የወጣው 31 ቤት ነው። የማታው ሥራ ከቀኑ ይልቅ ከበደ፤ ሲደክም የዋለ እንስሳ ደግሞ 29 ደጅ መዞር አለበት። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ከተጠየቁት ውስጥ አንድ አሮጌ ፈረስ ሁለት ዓመት ዓይኑ እንደማያይ ታወቀ። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ዓመት «ተከፍሏል» ይላል። ጨዉን ይልክ የነበረው ቦዩ ውስጥ እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው።

በቅሎ በዚያ ዓመትም ገበያ ወጥታ ነበር። ማታ ስትመለስ ዶሮና ፍየል ደጇ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቡና አፈላች። ስለ ገበያው አወሩ፣ ስለ ጨው ዋጋ አወሩ፤ ስለ ቦዩ ማንም ምንም አላለም። ኤሊ ስትደርስ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አለቻት። በቅሎ ደህና መሆኗን መናገር አቃታት፤ ደህና ከሆነች ለምን ቀረች? በዓመቱ ወደ ወልቂጤ የምትወርድበትን ቀን በሳምንት አዘዋወረች። ትርፏ ቀነሰ፤ ይህንንም ለሚሰማት ሁሉ ከመናገር አልቦዘነችም። ግን ወጣች።

በሁለተኛው ዓመት 38፣ በሦስተኛው 46 ሆነ። 52 እስካሁን አልተመለሰም። ከቀሩት 14 ቤቶች አንዳንዱ ያረጀ፣ አንዳንዱ የታመመ ነው። ሁለት ሦስቱ ግን ጤነኛ ሰነፍ ነው፤ ቡናውን በደስታ ያፈላል፣ ጎረቤቱን በደስታ ይሸኛል፣ ከርሞም ይተኛል። መንደሩ እነሱንም ይዞ መኖርን እየተለማመደ ነው። ቦረቦሩ በየዓመቱ በድንጋይ ይደፈናል፤ ሣሩ ጫፍ ጫፉን መያዝ ጀምሯል።

ቁራ ግን ቁራ ነው። ባለፈው ሰኔ ማታ ከዛፉ ላይ ቆጠረ፤ ከዚያም ሸንጎ ፊት ቀርቦ መዝገቡን ገለጠ።

«14 ቤት ቀርቷል። 14 ቤት ለመጠየቅ 42 ጎረቤት መሄድ ነበረበት። የሄደው 25 ብቻ ነው። ሊጠይቅ ያልሄደ ሩብ አሞሌ ይቀጣ!»

ፍየል «ደግ ብለሃል» አለች። ዶሮ ተነሥታ ልትናገር ስትል ውሻ ጮኸ። በሬ ሸንጎውን ለሌላ ቀን ቀጠረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም ይባላል። ኤሊ በቀጠሮው ቀን ትደርስ እንደሆነ እንጃ፤ ሳትጠራ ግን መንገድ ጀምራለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቆጮ አብሱ።